የኤሲ ኮምፕሬሰር ፑሌጃ ሲጮህ፦ ኩሽኔታ ይቀየር፣ ክላቹ ወይስ ኮምፕሬሰሩ?

ባለፈው ክረምት መኪናዬን ጠዋት ሳስነሳ ከኮፈኑ ስር የሆነ ነገር ማጉረምረም ጀመረ። ራቅ ብሎ የሚፈጭ ወፍጮ ይመስላል። ነዳጅ ስሰጥ ይጨምራል፣ ስለቅ ይቀንሳል። ኤሲ አላበራሁም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሐምሌ ብርድ ማን ያበራል? ስለዚህ ነገሩ ከኤሲ ጋር ይገናኛል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ጋራዥ ወሰድኩት። ሜካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ያህል አዳመጠና «ኮምፕሬሰሩ አልቋል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» አለኝ። ኮምፕሬሰር ማለት የኤሲውን ማቀዝቀዣ ጋዝ የሚጨምቀው ፓምፕ ነው። ዋጋውን ስሰማ «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ሌላ ጋራዥ ገባሁ፣ አንድ ኩሽኔታ (የሚዞረውን ክፍል የሚሸከም ባለ ኳስ ቀለበት) ተቀየረልኝ፣ ድምፁ ጠፋ። ኮምፕሬሰሩ ያው የድሮው ነው፣ ዛሬም ያቀዘቅዛል።

የመጀመሪያው ሜካኒክ ሊያጭበረብረኝ ነበር አልልም። ድምፁ ከየት አካባቢ እንደሚመጣ በትክክል ሰምቷል። ያልለየው የትኛው ክፍል እንደሚጮህ ነው። ያችን ልዩነት መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም፣ ማንም ባለመኪና በራሱ ጆሮ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው ምርጫው የሚመጣው፦ ኩሽኔታውን ብቻ፣ ክላቹን ከነፑሌጃው፣ ያገለገለ ኮምፕሬሰር፣ አዲስ ኮምፕሬሰር፣ ወይም ኤሲውን ትቶ በአጭር ቺንጋ መሄድ። ፑሌጃ ማለት ቺንጋው፣ ማለትም ከሞተሩ ኃይል የሚያመጣው የጎማ ቀበቶ፣ የሚያዞረው መንኮራኩር ነው፤ ክላች ስል ደግሞ የማርሹን ሳይሆን ኮምፕሬሰሩን ከፑሌጃው ጋር የሚያያይዘውንና የሚለየውን ነው። አምስቱንም እናያለን። ከዚያ በፊት ግን ምን እንደሚጮህ እንወቅ።

ኤሲ ሳይበራ ለምን ይጮሃል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኮምፕሬሰሩ ፑሌጃ ኤሲ በራም አልበራም ሞተሩ እስከተነሳ ድረስ ይዞራል። ቺንጋው ያለማቋረጥ ያዞረዋል። በፑሌጃው መሀል አንድ ኩሽኔታ አለ። ይህ ኩሽኔታ ኮምፕሬሰሩ አፍንጫ ላይ፣ ማለትም ዘንጉ በሚወጣበት የፊት ጫፉ ላይ፣ ተቀምጦ ፑሌጃውን ይሸከማል። ኤሲ ሲጠፋ ፑሌጃው በኩሽኔታው ላይ በባዶው ይሽከረከራል፣ የኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ግን ቆሟል። ኤሲ ስታበሩ ከፑሌጃው ኋላ ያለው ኮይል ኤሌክትሪክ ያገኝና ማግኔት ይሆናል፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰሌዳ ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል። ያኔ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያች ድምፅ ጀምሮ ኮምፕሬሰሩ ራሱ መዞር ይጀምራል።

እንግዲህ ስሌቱ ቀላል ነው። ኤሲ ጠፍቶም የሚጮህ ከሆነ፣ የቆመ ነገር አይጮህምና፣ ጥፋተኛው ኩሽኔታው የመሆኑ ዕድል በጣም ትልቅ ነው። ኤሲ ሲጠፋ ጸጥ ብሎ ሲበራ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ነገሩ ወደ ክላቹ ወይም ወደ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ይሄዳል። «እኔ እኮ ኤሲ አላበራም፣ እንዴት ይበላሻል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ኤሲ ለዓመታት ያላበራ ሰው ኩሽኔታም እኩል ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ፣ በተለይ የአውሮፓዎቹ ላይ፣ ኮምፕሬሰሩ ክላች የለውም። ፑሌጃው በቀጥታ ከዘንጉ ጋር ታስሯል፣ የሚያቀዘቅዘውን መጠን የሚወስነው ውስጥ ያለ ቫልቭ ነው። እንዲህ ያለው ላይ «ኤሲ አጥፍተህ ስማ» የሚለው ሙከራ ብዙ አይረዳም፣ ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ይዞራልና። ኤሲ ስታበሩ ያቺ «ቀጭ» ካልተሰማች እና ፊት ላይ ያለው ሰሌዳ ሞተሩ ሲነሳ ጀምሮ ከፑሌጃው ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ ያ ዓይነቱ ሊሆን ስለሚችል ቀድማችሁ አረጋግጡ። የኤሌክትሪክ መኪኖችና ብዙዎቹ ሃይብሪዶች ደግሞ ጭራሽ ቺንጋ አይነካቸውም። ኮምፕሬሰራቸው የራሱ ሞተር አለው፣ ብርቱካናማ ሽፋን ባለው የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ነው የሚሠራው። እሱ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፣ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚነካካ አይደለም።

በጆሮ መለየት

ሞተሩን አስነሱ፣ ሚኒሞ ላይ ተዉት፣ ኤሲውን አጥፉ። ኮፈኑን ክፈቱ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም እጅጌ፣ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይውለቅ፤ ቺንጋ ጨርቅ ሲይዝ እጅን ይዞ ነው የሚሄደው። ረጅም ካቻቢቴ ወይም ደረቅ እንጨት ወስዳችሁ ጫፉን ከማይዞር ብረት ላይ፣ ማለትም የኮምፕሬሰሩ አካል ላይ፣ ወደ ፑሌጃው ጠጋ ብሎ አሳርፉ። እጀታውን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጉ። ከዚያ የዲናሞውን አካል እንዲሁ ስሙ፣ ከዚያ የመሪ ፓምፑን፣ የውሃ ፓምፑንና የቺንጋ መወጠሪያውን። የተበላሸው ኩሽኔታ ያለበት ቦታ ድምፁ ይጎላል። ለይታችሁ ሳትጨርሱ ዕቃ አትግዙ፤ የቺንጋ መወጠሪያ ኩሽኔታም በትክክል እንደ ኮምፕሬሰር ኩሽኔታ ያጉረመርማል።

ድምፁ ማጉረምረም ሳይሆን «ሲጥ ሲጥ» የሚል ከሆነ ቺንጋውን ጠርጥሩ። ሞተሩ እየሠራ ቺንጋው ጥርስ ባለበት በኩል ትንሽ ውሃ ርጩበት። ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ካለ ቺንጋው አርጅቷል ወይም ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ውሃው ሲነካው ጭራሽ ከባሰበት ቺንጋው ላልቷል። ውሃው ምንም ካልለወጠ ወደ ኩሽኔታ ተመለሱ።

አሁን ኤሲውን አብሩ። ድምፁ ምን ሆነ? ሲያጉረመርም የነበረው ያው ከቀጠለ፣ ወይም ትንሽ ብቻ ከተለወጠ፣ ኩሽኔታ ነው። «ቀጭ» ካለ በኋላ ጩኸት ከተሰማ፣ በተለይ የሚቃጠል ሽታ ካለው፣ ክላቹ እየተንሸራተተ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» እያለ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ክላቹ ሳይሆን ጋዝ ሊሆን ይችላል የጎደለው። ከውስጥ እንደ መዶሻ የሚመታ፣ ኤሲ ሲጠፋ ወዲያው የሚቆም ድምፅ ከሆነ ግን ያኔ ስለ ኮምፕሬሰሩ እናወራለን። እሱም ቢሆን ወዲያው አይፈረድበትም፤ ከመጠን በላይ ጋዝ የተሞላ ሲስተም ኮምፕሬሰሩን እንዲሁ ያስጮኸዋል። ጋዝ በግምት የሚሞላ ብዙ ቦታ አለ፣ መኪናችሁ በቅርቡ ጋዝ ከተሞላላት መጀመሪያ መጠኑ ይታይ።

የመጨረሻው ሙከራ ከሁሉ የበለጠ አሳማኝ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ቺንጋውን አውጡ፣ ፑሌጃውን በእጃችሁ አዙሩት። ጤነኛ ኩሽኔታ ድምፅ ሳያሰማ በልስላሴ ይዞራል። የሞተ ኩሽኔታ አሸዋ የገባበት ያህል ይሻክራል፣ ወይም ግራሶው ስላለቀ ደረቅ ድምፅ እያሰማ በነፃ ይሽከረከራል። ከዚያ ፑሌጃውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ፑሌጃው ሲወዛወዝ ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳና ዘንጉ ዝም ካሉ ነገሩ ኩሽኔታ ነው። ዘንጉም አብሮ ከተወዛወዘ ኮምፕሬሰሩ ራሱ አልቋል፣ ኩሽኔታ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። አፍንጫው ዙሪያ ዘይት የነካው ጥቁር አቧራ ተጋግሮ ካያችሁ የዘንጉ ጎሚኒ (ዘይትና ጋዝ እንዳይወጣ ዘንጉን የሚያሽገው ጎማ) እያፈሰሰ ነው፣ እሱም ምርጫውን ይለውጠዋል።

ቺንጋው ወጥቶ ሳለ ሞተሩን ለአሥርና ሃያ ሰከንድ ማስነሳትም ይቻላል። ድምፁ ከጠፋ ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ አታቆዩት። ብዙ መኪኖች ላይ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው።

አንደኛ ምርጫ፦ ኩሽኔታውን ብቻ

እኔ ያደረግኩት ይህን ነው፣ ድምፁ ኤሲ ጠፍቶም የሚሰማ ከሆነ መጀመሪያ መታሰብ ያለበትም ይህ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ጋዙ አለመነካቱ ነው። ፑሌጃውና ክላቹ ከኮምፕሬሰሩ ውጭ ናቸው፣ እነሱን ለመፍታት ጋዝ መልቀቅ አያስፈልግም። «ጋዝ ይወጣል፣ መልሰን እንሞላለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ቦታው ጠቦ ኮምፕሬሰሩ የግድ መነሳት ካለበት እንኳ ቱቦዎቹ ሳይፈቱ ከመቀመጫው ተነስቶ ቱቦ ሳይጎትት በገመድ ሊንጠለጠል ይችላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ቺንጋው ይወጣል። የሰሌዳው መሀል ብሎን ይፈታል፣ ሰሌዳው ይነቀላል። ከኋላው ስስ ስስ ቀለበቶች አሉ። እነዚህ ቀለበቶች በሰሌዳውና በፑሌጃው መካከል ያለውን ክፍተት የሚወስኑ ናቸው፣ አንዷም እንዳትጠፋ። ከዚያ ፑሌጃውን የሚይዘው የብረት ቀለበት በፒንሳ ይወጣል፣ ፑሌጃውም ይመጣል። ኩሽኔታው ከፑሌጃው በፕሬስ ይገፋል፣ አዲሱ ይገባል።

አዲሱ ሲገባ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ኩሽኔታ ሁለት ቀለበት አለው፣ የውጭና የውስጥ፣ በመሀል ኳሶች። ወደ ፑሌጃው ሲገባ ግፊቱ የውጭው ቀለበት ላይ ብቻ ነው መሆን ያለበት። ፑሌጃው ደግሞ ተመልሶ ኮምፕሬሰሩ አፍንጫ ላይ ሲገባ የውስጠኛው ቀለበት ላይ። ይህን ያላስተዋለ ሰው መሀሉን በመዶሻ ሲወቅጠው ኳሶቹ የተቀመጡበትን መንገድ ይነቁሩታል፣ አዲሱ ኩሽኔታ ገና ከመነሻው ቆስሎ ይገባል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይጮሃል። ከዚያ «ኩሽኔታ ቀይረንለት ነበር፣ ኮምፕሬሰሩ ነው እንግዲህ» ይባላል። ፕሬስ ከሌለው ጋራዥ ፑሌጃውን ብቻ ይዛችሁ ፕሬስ ያለበት ወይም ቶርኖ ቤት ሂዱ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

መጨረሻ ላይ ክፍተቱ ይለካል። በብዙ ኮምፕሬሰሮች ላይ ከ0.3 እስከ 0.65 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ትክክለኛው የየመኪናው መመሪያ ላይ አለ። በሦስት ቦታ መለካት ይሻላል፣ ሰሌዳው ትንሽ ከጎበጠ አንድ ቦታ ብቻ መለካት ያታልላል። ክፍተቱ ከጠበበ ሰሌዳው ኤሲ ጠፍቶም ይነካካል፣ ይጮሃል፣ ይግላል። ከሰፋ ደግሞ ማግኔቱ መሳብ ያቅተዋል፣ በተለይ ሞተር ሲግል። ጠዋት የሚሠራ ኤሲ አዋሽ ላይ በቀትር እምቢ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ኩሽኔታውን ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ብዙዎቹ ባለሁለት ረድፍ ኳስ ናቸው፣ መጠናቸው ደግሞ ይለያያል፦ 35 በ55 በ20 አለ፣ 35 በ52 በ20 አለ፣ 30 በ55 በ23 አለ፣ ሌላም አለ፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ጠርዙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፣ ከጠፋ ይለካ። ሁለቱም ጎን በጎማ የታሸገ ይሁን፣ ለኤሲ ፑሌጃ የተሠራ መሆኑንም ጠይቁ፤ ያ ቦታ ይግላልና ግራሶው ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን፣ ኮዮ፣ ናቺ የሚሉ ካርቶኖች ታያላችሁ። ካርቶን አያስተማምንም። ኩሽኔታውን አውጡና ጽሑፉ በጥራት የተቀረጸ መሆኑን እዩ፣ በጣት አዙሩት። ከሁሉም ነገር ርካሹ ዕቃ ስለሆነ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ትርጉም የለውም፣ ውድ የሚሆነው የእጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ኩሽኔታ ብቻ የማይበቃባቸው ጊዜያት አሉ። ኩሽኔታው ተይዞ ፑሌጃው ውስጥ ዞሮ ከነበረ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ አዲሱ ላልቶ ይቀመጣል። ጠርዙን በመዶሻ እየነቆሩ ማጥበብ የተለመደ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። እንዲያ ያለውን አትቀበሉ። የኮምፕሬሰሩ አፍንጫ የተበላ ከሆነም እንዲሁ። ኮይሉ በሙቀት ጠቁሮ ከሆነ፣ ሰሌዳው ሰማያዊ እስኪሆን ግሎ ከሆነ፣ ወደ ሁለተኛው ምርጫ ተሻገሩ።

ሁለተኛ፦ ሙሉ ክላች ከነፑሌጃው

ፑሌጃው፣ ኩሽኔታው፣ ኮይሉና ሰሌዳው አንድ ላይ ይመጣሉ። ይህም ጋዝ አይነካም። ከኩሽኔታ ብቻ ይወደዳል፣ ከኮምፕሬሰር በብዙ ያንሳል። እኔ ይህን የምመክረው ክላቹ ሲንሸራተት ለከረመ ወይም ኩሽኔታው ሙሉ በሙሉ ተሰባብሮ ፑሌጃው ኮይሉን ለፋቀ መኪና ነው። አንዳንድ ፑሌጃ ላይ ኩሽኔታው ጠርዙ ተጨፍልቆ ስለሚታሰር ለብቻው አይቀየርም፣ ያኔም ምርጫው ይኸው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አመሳስሉ። የፑሌጃው ስፋት፣ የቺንጋው ጥርስ ብዛትና የዘንጉ ጥርስ። አንድ ዓይነት መኪና ላይ እንኳ በተሠራበት አገር የተለያየ ኮምፕሬሰር ይገጠማል፤ ለዓረብ አገር የወጣው ኮሮላና ለአውሮፓ የወጣው ኮሮላ አንድ ሊሆኑም ላይሆኑም ይችላሉ። ኮይሉ ሲለካ በ12 ቮልት መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኦም አካባቢ ያሳያል። ጭራሽ መቋቋም ካላሳየ ውስጡ ሾርት አድርጓል፣ ጨርሶ ካላነበበ ተበጥሷል። የድሮው ኮይል በዚህ ልክ ውስጥ ካለና ካልተቃጠለ እሱን ትቶ ፑሌጃና ሰሌዳ ብቻ መግዛትም ይቻላል።

የዘንጉ ጎሚኒ እያፈሰሰ ከሆነ ግን አዲስ ክላች አትግጠሙ። ዘይቱ አዲሱን ሰሌዳ ያበላሸዋል፣ ጋዙም በቀስታ ይወጣል። ያኔ ከሦስተኛውና ከአራተኛው አንዱን ነው የምትመርጡት።

ሦስተኛ፦ ያገለገለ ኮምፕሬሰር

ሰው የሚወደው ምርጫ ነው፣ እኔ ግን ብዙም አልወደውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከመኪና ተፈትቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ኮምፕሬሰር ቱቦ የሚገቡበት ቀዳዳዎቹ ክፍት ከሆኑ እርጥበትና አቧራ ጠጥቷል። በውስጡ ያለው ዘይት እርጥበት በኃይል ይስባል። ሻጩ በእጁ አዙሮ «ይኸው ይዞራል» ይላል። መዞሩ ስለ ሆዱ ብዙ አይናገርም። ከዚያም በላይ ከሌላ መኪና ስለመጣ የእሱም ኩሽኔታ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ከጩኸት ሸሽታችሁ ወደ ጩኸት ትመለሳላችሁ።

የግድ ከሆነ ቀዳዳዎቹ በክዳን የታሸጉትን ምረጡ። ጣታችሁን አስገብታችሁ ዘይቱን እዩ። ንጹህ ከሆነ ደህና። ጥቁር ወይም የብረት ብናኝ ያለበት ከሆነ እንዳትነኩት። ፑሌጃውንም እዚያው አዙራችሁ ስሙ። የእናንተ ኮምፕሬሰር ውስጡ ደህና ሆኖ ፑሌጃው ብቻ ከተጎዳ ግን ያገለገለውን ለፑሌጃው ብቻ መግዛት ጥሩ ብልሃት ነው፤ ክላቹን ነቅላችሁ የራሳችሁ ላይ ትገጥማላችሁ፣ አዲስ ኩሽኔታ ትጨምሩበታላችሁ፣ ጋዝም አይነካ።

አራተኛ፦ አዲስ ኮምፕሬሰር

ከውስጥ የሚመታ፣ ዘንጉ የሚወዛወዝ ወይም ብረት የተፋ ኮምፕሬሰር ሌላ መፍትሔ የለውም። ዋጋው ግን የኮምፕሬሰሩ ብቻ አይደለም። ጋዙ በማሽን መሰብሰብ አለበት። እርጥበት የሚይዘው ፊልትሮ አብሮ ይቀየራል። የድሮው ኮምፕሬሰር ብረት ተፍቶ ከነበረ ብናኙ ኮንደንሰሩ (የኤሲው ራዲያተር) ውስጥ ገብቷል፤ ሳይጸዳ ወይም ሳይቀየር አዲሱን ከገጠማችሁ አዲሱም ያንኑ ብናኝ ይበላል። ዘይቱ በዓይነትና በመጠን ትክክል መሆን አለበት። ከዚያ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቫኪዩም ይደረጋል፣ ማለትም አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ይመጠጣል፣ ጋዙም በሚዛን ይሞላል። የሚሞላው መጠን በግራም ኮፈኑ ስር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ የጋዙ ዓይነትም እዚያው አለ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱትና ጋዝ ለሚሞላው ሰው አሳዩት። «በልምድ አውቀዋለሁ» ካለ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ይህን ሁሉ ደምሩና ከአንድ ኩሽኔታ ጋር አስተያዩት። የድምፁን ምንጭ ሳያረጋግጡ ወደዚህ መዝለል ስለ ምን እንደሚያናድደኝ ይገባችኋል።

አምስተኛ፦ ኤሲውን ትቶ በአጭር ቺንጋ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። መስኮት ከፍቶ መሄድ ይበቃል የሚል ሰው አይሳሳትም። አንዳንድ የድሮ መኪኖች ላይ ኤሲው የራሱ ቺንጋ አለው፤ ያን አውጥቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረው ይሠራል። መኪናችሁ እንዲህ ከሆነች ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ምንም ችግር የሌለው መንገድ ነው።

አንድ ቺንጋ ሁሉንም የሚያዞርባት መኪና ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮምፕሬሰሩን ዘሎ የሚያልፍ አጭር ቺንጋ ሲገባ የቺንጋው መንገድ ይለወጣል። የሆነ ፑሌጃ ላይ የሚጠመጠመው ክፍል ያንሳል፣ ወይም ከብረት ጋር ይፋተጋል። የውሃ ፓምፑ ላይ ከተንሸራተተ ሞተር ይግላል። ለአንዳንድ መኪና በኮምፕሬሰሩ ቦታ የሚገጠም ባዶ ፑሌጃ ይገኛል፣ እሱ የተሻለ ነው። እኔ ግን እዚህ ከመድረሴ በፊት ኩሽኔታውን እቀይራለሁ፤ የቺንጋውን ልክ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜና የእጅ ዋጋ ለኩሽኔታው ይበቃል። ቆላ የሚሠራ ሰው፣ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚመላለስ፣ ይህን ምርጫ ጭራሽ አያስበው። ዱባይና ሪያድ ያላችሁም እንዲሁ።

ኤሌክትሪኩን መንቀል መፍትሔ እንዳልሆነ ግን ልድገም። የክላቹን ሶኬት ነቅለው «ኤሲውን ዘጋንልህ» የሚሉ አሉ። ፑሌጃው መዞሩን አያቆምም፣ ኩሽኔታውም መሞቱን አያቆምም። ዘይት መንፋትም እንዲሁ ነው። የታሸገ ኩሽኔታ ውስጥ ዘይቱ አይገባም፣ ከገባም ያለውን ግራሶ አሟሙቶ ያጥበዋል። ለሁለት ቀን ጸጥ ይላል፣ ክላቹ ፊት ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨምራል።

እስከ መቼ ይነዳል?

ማጉረምረም ብቻ ከሆነ፣ ፑሌጃው ሳይወዛወዝ፣ ሳምንታት ሊሄድ ይችላል። ግን ቀን መቁጠር ጀምሩ። ፑሌጃው መወዛወዝ ከጀመረ፣ ቺንጋው ጠርዙ መላላጥ ከጀመረ፣ ወይም የሚቃጠል ጎማ ከሸተታችሁ ቆሙ። ኩሽኔታው ጨርሶ ሲያዝ ፑሌጃው ይዘማል፣ ይግላል፣ ቺንጋውን ይበጥሳል። ቺንጋው ሲበጠስ የባትሪ መብራት ይበራል፣ መሪው ሊከብድ ይችላል፣ የውሃ ፓምፑም በዚያው ቺንጋ ከሆነ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ያኔ ሞተሩን ማጥፋት ነው። «እስከ ከተማው ልድረስ» ብሎ መንዳት የኩሽኔታን ወጪ ወደ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክፍል) ወጪ ይለውጠዋል። ሚሌ በረሃ ላይ ይህ እንዳይገጥማችሁ ከጉዞ በፊት ቺንጋ አውጥቶ ፑሌጃዎቹን ሁሉ በእጅ ማዞር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ረጅም ጊዜ ማቆየታችን የማይቀር ነው። ስለዚህ ኩሽኔታው ለምን እንደሞተም ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ነው። አንዱ አቧራ ነው። ሌላው፣ እኔ በጣም የማዝንበት፣ ላቫጆ ነው። ሞተር በናፍታ ተረጭቶ በኃይለኛ የውሃ ግፊት ሲታጠብ ውሃውና ናፍታው በኩሽኔታው ጎማ ጠርዝ ይገባሉ፣ ግራሶውን ያጥቡታል። መኪናዬ ማጉረምረም የጀመረችው ሞተር ካሳጠብኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። አሁን ላቫጆ ስገባ ኮፈኑ አይከፈትም፣ ሞተሩን እቤት በእርጥብ ጨርቅ አጸዳዋለሁ።

ጋራዥ ስትሄዱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ቺንጋ ወጥቶ ፑሌጃው በእጅ ተዞሯል ወይ? ዘንጉ ይወዛወዛል ወይ? አፍንጫው ላይ ዘይት አለ ወይ? ጥሩ ሜካኒክ በጥያቄው አይከፋም፣ ራሱ ጠርቶ «ና ያዘው፣ አንተው አዙረው» ይላል። የእኔው ያደረገው እንደዚያ ነው። ሥራው ሲያልቅም የድሮውን ኩሽኔታ ተቀበሉ። እዚያው ቆማችሁ በጣት አዙሩት። አሸዋ እንደገባበት ከሻከረ ያ ሁሉ ጩኸት በእጃችሁ ነው። ለስልሶ ከዞረ ደግሞ መኪናውን ሳትረከቡ ሞተሩን አስነሱና ኤሲውን አጥፍታችሁ እንደገና ስሙ።